ቆቦ ላይ ዴክ የበላው ዳይኖሰር

ከጅዳ የሚመለስ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ቆቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። ትልልቅ አበባ የታተመበት ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሻይ ቀኑን ሙሉ ሳያቀዘቅዝ የሚያውል ፔርሙዝ፣ ሽቶ፣ ከቻለ ደግሞ ወርቅ። የብርድ ልብሱ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቆቦ ሙቀቱ ሲነሳበት ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ጥላ ለጥላ ነው የምትሄደው፤ እኛ ግን ብርድ ልብስ እናመጣለን። እኔም አምጥቻለሁ፤ ማንንም ለማማት አይደለም። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ብርድ ልብሱ መሃል እንደ ወርቅ ጠቅልዬ ስላመጣሁት አንድ የቪዲዮ ካሴት ነው።

ካሴቱ የልጆች ፊልም ነው። በሥዕል የተሠሩ ትንንሽ ዳይኖሰሮች ይሄዱበታል፣ ያወሩበታል፣ ይባስ ብለው ይዘፍኑበታል። ዳይኖሰር ማለት፣ ለማታውቁት፣ ሰው ሳይፈጠር በፊት ምድር ላይ ይርመሰመስ የነበረ፣ ትልቁ ከአውቶቡስ የሚበልጥ እንሽላሊት ነገር ነው። ይህኛው ፊልም ሲኒማ ቤት ደጃፍ አልደረሰም፤ እንዲያው በቀጥታ በካሴት ተባዝቶ ሱቅ የተደረደረ "ክፍል ሁለት" የሚሉት ነው። ክፍል አንድ የት እንደገባ አላውቅም። ጅዳ በተቀጠርኩበት ቤት የነበረው ክፍል ሁለት ብቻ ነበር።

የማዳም ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሱን ይከፍታሉ፤ እኔ ከኋላቸው ቆሜ ልብስ እተኩሳለሁ። ሲያልቅ መልሰው ይከፍታሉ፤ እኔም መልሼ እተኩሳለሁ። የዚያ ቤት ልብስ እንደሆነ አያልቅም። ዓረብኛ የተማርኩት በዚህ ዓይነት ነው። ከማዳም እንዳይመስላችሁ፤ ማዳም ከእኔ ጋር የምታወራው በጣቷ ነበር። መምህሮቼ ዳይኖሰሮቹ ናቸው። ችግሩ እነሱ የሚናገሩት የመጽሐፍ ዓረብኛ መሆኑን ማን ይንገረኝ? አንድ ቀን ዳቦ ግዢ ተብዬ ሱቅ ሄድኩና ባለሱቁን፣ "ጓዶቼ ሆይ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ምግባችንን እንፈልግ!" ስለው፣ ሰውዬው የያዘውን ሚዛን ለቆ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

"ልጄ፣ ይህንን ንግግር መድረሳ ነው የተማርሽው?" አለኝ በአክብሮት።

"የለም፣ ልብስ ስተኩስ ነው" አልኩት።

ኋላ ልጆቹ አደጉና ካሴቱን ናቁት። ማዳም ከቆሻሻ ጋር ልትጥለው ስትል፣ "ለልጄ ስጪኝ" ብዬ ለመንኳት። ማዳም በጣቷ መናገሯን ተወችና በአፏ፣ "ልጅ አለሽ እንዴ?" አለችኝ። እሷ ቤት ከገባሁ ስንት ረመዳን አልፎ ነበር።

ልጅ አለችኝ። ሰሚራ ትባላለች። አባቷ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወደ ጅቡቲ ወጥቶ ሌላ ቤት ሠርቶ ቀረ፤ እሱን እዚሁ እንተወው። እኔ ስሄድ ሰሚራ ገና መዳህ መጀመሯ ነበር፤ ያሳደገቻት ታላቅ እህቴ ዘሀራ ናት። ለአጭር ፈቃድ ስመለስ ግን እግሯም ምላሷም ረዝሞ ጠበቀኝ። ምላሷ ግን ለእኔ አልነበረም። እኔን ስታይ ዘሀራ ቀሚስ ኋላ ትገባና በአንድ ዓይን ትመለከተኛለች።

በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እራት እየበላን ሳለ ለዘሀራ እንዲህ አለቻት፤

"እማ፣ የጅዳዋ ዛሬም እኛ ቤት ነው የምታድረው?"

ዘሀራ ጉርሻው አፏ ውስጥ ቀረ። "አንቺ! እናትሽ አይደለችም እንዴ? እናቴ በያት!"

ሰሚራ ትንሽ አሰበች። ታዛዥ ልጅ ናት። "እሺ። እናቴ ዛሬም እኛ ቤት ነው የምታድረው?"

ያን ጊዜ ሳቅኩ። መሳቅ ይሻላል ብዬ ነው። ዘሀራ ግን ዕቃ የምታጥብ መስላ ጓሮ ወጣችና ዓይኗን ስትጠርግ ደረስኩባት። "ወላሂ እማ በይኝ ብዬ አላስተማርኳትም" አለችኝ። "አብሽሪ እታለም፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?" አልኳት። እውነቴን ነው። ልጅ እማ የሚለው ሌሊት ሲያለቅስ የተነሳለትን ነው።

ልጄን በስጦታ ልይዛት ሞከርኩ። የሚያብረቀርቅ ቀሚስ ሰጠኋት፤ ያሳክካል ብላ አወለቀችው። ሆዷን ሲጫኗት በዓረብኛ የምታወራ አሻንጉሊት ሰጠኋት፤ አንዴ ሆዷን ብጫንላት ሰሚራ ጮሃ ጎረቤት ገባች፤ ጎረቤትም ጂን ነው ብሎ አሻንጉሊቷን ለማየት ግልብጥ ብሎ መጣ። የቀረኝ ካሴቱ ነበር። ምንም ተስፋ ሳይኖረኝ አልጋው ላይ ትቼው ስወጣ፣ ስመለስ ሽፋኑን ይዛ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ቀና አለች።

"ይሄ ምንድነው?" አለችኝ። በቀጥታ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

"ዳይኖሰር ነው" አልኩ።

"የማን ነው?"

"የማንም አይደለም። ድሮ ነው የነበሩት። ሁሉም አልቀዋል።"

"ካለቁ ታዲያ እንዴት ፎቶ ተነሱ?"

ከልጄ ጋር ያደረግሁትን የመጀመሪያ ክርክር እንዲህ ተረታሁ። ነገሩን ለማዳን ብዬ፣ "ሲሄዱና ሲያወሩ ላሳይሽ?" አልኳት። ሽፋኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ "አዎ" አለች። ብርድ ልብሱን ከእነ ሻንጣው ብሸጥ እንኳ ይህችን አዎ መና አላስቀራትም ብዬ ማልኩ።

መማል ቀላል ነው። እኛ ቤት ቴሌቪዥን የለም፤ ካሴት የሚያጫውተው ዴክም የለም። በሰፈሩ ያለው እትዬ ከድጃ ቤት ነው። እትዬ ከድጃ ባሏ እህል ነጋዴ ነው፤ ቴሌቪዥኑ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ሳሎኑ መሃል እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ሰሚራንና ዘሀራን አስከትዬ ሄድኩ። ስንገባ እትዬ ከድጃ ደስ ብሏት አስቀመጠችን፣ ሻይና አምባሻ አቀረበች፣ ጨርቁን ገለጠች። ካሴቱን ላቀብላት እጄን ስዘረጋ ግን፣

"አይ የኔ እህት፣ ሌላ ካሴት አይገባውም" አለችኝ። "የልጄ ሠርግ ውስጡ ተቀርቅሯል። ስንት ባለሙያ መጣ፣ አልወጣም። እኛም ተውነው፤ እሱኑ ነው የምናየው።"

እንግዳ ነንና ሠርጉን ማየት ነበረብን። ከሙሽራው ፀጉር መቆረጥ እስከ መልሱ ድረስ፣ አንዲት ድስት ሳትቀር። እኔ ልነሳ ልነሳ እያልኩ ሳለ ሰሚራ ከመቀመጫዋ ተነስታ መስታወቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ይቺ እኔ ነኝ!" አለች።

አዎ፣ እሷ ናት። ድንኳኑ ጥግ አንዲት ሕፃን፣ እኔ የማላውቃት፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቂጧ ላይ ትወድቃለች። ሰው ያጨበጭባል። ትነሳለች፣ ትራመዳለች፣ አሁንም ትወድቃለች። ከወደቀችበት ዘሀራ መጥታ ታነሳታለች። "ይቺ ደግሞ እማ ናት" አለች ሰሚራ፣ ለእንግዳ እንደሚያስረዳ ሰው ፊቷን ወደ እኔ አዙራ።

ልጄ ቆማ ስትሄድ ያየሁት እንግዲህ በሰው ሠርግ ካሴት ላይ ነው። እትዬ ከድጃን፣ "እስቲ እዚያ ጋ መልሽው" አልኳት። መለሰችው። "አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚው።" ደገመችው። የመጣሁበትን ዳይኖሰር ረሳሁት። በሦስተኛው ዘሀራ ክንዴን ያዘችና፣ "በቃ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ" አለችኝ።

ያለው አንድ በር ቀረ፤ አስፋልቱ ዳር የጋሽ ሞላ ቪዲዮ ቤት። ቪዲዮ ቤት በዚያን ጊዜ የሴት መግቢያ አልነበረም። አጎንብሰው የሚገቡበት የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ ላብና የጫት እንጨት ነው ያለው። ጋሽ ሞላ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ካሴቱን ተቀብሎ አገላበጠው።

"ተኩስ አለበት?" አለኝ።

"የለበትም ጋሼ።"

"ካራቴስ?"

"በጭራ ይመታታሉ፣ አልፎ አልፎ።"

"ፍቅርስ አለው?"

"ኧረ ገና ልጆች ናቸው!"

"ታዲያ ምንድነው የሚያደርጉት?"

"ሐይቃቸው ይደርቅባቸዋል። ውሃ ፍለጋ ይወጣሉ።"

ጋሽ ሞላ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። በዚያ ዓመት በልጉ ቀርቶ ነበር፤ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ቆሟል፣ ሆርማት ወንዝ አሸዋ ብቻ ሆኗል። "እሱንማ እኛም በነፃ እያየነው ነው" አለ። ነገር ግን ሰሚራን ዝቅ ብሎ አያት፤ እሷም ሽፋኑን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። "በገበያው ቀን ጠዋት ኑ፤ የእኔ ፊልም እስኪጀምር ድረስ ማንም አይኖርም" አለን።

ማንም አይኖርም ያለው ደግ ሰው፣ ድምፅ ማጉያው ወደ ውጭ የተተከለ መሆኑን ረስቶት ነው። በቀጠሮው እኔ፣ ዘሀራ፣ ሰሚራና ጥቂት የሰፈር ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠን ካሴቱ ተከፈተ። ትልቁ ዳይኖሰር ገና ሲያጓራ፣ ያ ጩኸት ጎዳናውን አቋርጦ ገበያው ደረሰ። በሩ ጨለመ። ሽርጥ የታጠቁ፣ ዱላ የያዙ ወንዶች ከገበያው እየተንጋጉ ገቡ። "ምንድነው ያጓራው?" "ግመል ነው።" "የምን ግመል! ግመል እንዲህ አያጓራም።" ከሁሉም ኋላ ከጎብዬ በኩል የመጡ አባ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ገቡ። በሬያቸውን ሊሸጡ አምጥተው የሚገዛ አጥተዋል። በሬውን ውጭ ትተው ገመዱን ግን አልተዉም፤ በሩ ሥር ቁጭ ብለው ገመዱን እጃቸው ላይ ጠምጥመው ወደ ቴሌቪዥኑ አፈጠጡ።

"የምን ቋንቋ ነው?" አለ አንዱ።

"ዓረብኛ ነው" አለ ጋሽ ሞላ። "እሷ ትተረጉማለች።"

ማን ጠየቀኝ? ግን ሰሚራም ዞራ እያየችኝ ነው። ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁና ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆምኩ። የዳይኖሰሮቹ ስም ለአገሬ ሰው እንደማይያዝለት ገባኝና በራያ በሬ ስም ጠራኋቸው፤ ጀርባው ዥጉርጉር የሆነውን ትንሹን ቡሬ፣ አመዳሙን ዳልቻ፣ ቀላ ያለችውን ቀይት አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ፀጥ አለ። እነዚያ ሰዎች የተኩስ ፊልም እየተጯጯሁ ነው የሚያዩት፤ ይህንን ግን እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ነበር የተከታተሉት። ሐይቁ ሲሰነጣጠቅ አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። ትልልቆቹ አንሄድም ብለው ትንንሾቹ ብቻቸውን ወደ ቀዩ ተራራ ሲነሱ ሙግት ተነሳ።

"ወደ ተራራ ምን ሊሠሩ ይሄዳሉ? ወደ ጎሊና ወንዝ አይወርዱም?"

"ጎሊናስ ቢሆን ዘንድሮ ምን አለው?"

"በዞብል በኩል ቢሻገሩ ነበር የሚሻላቸው፤ አፋር ዘንቧል ይባላል።"

"ዝም በሉ እስቲ፤ ልጆቹ ይስሙበት!" አለ ጋሽ ሞላ። እሱም ወንበር ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ፊልሙ ውስጥ ቡሬን የምታሳድግ አንዲት አሮጊት ዳይኖሰር አለች፤ አክስቱ ናት። ቡሬ በሌሊት ተደብቆ ሊወጣ ሲል ትነቃለች፤ ልትከለክለው ትችላለች፣ ግን አንገቷን አጎንብሳ ዝም ትላለች። እዚህ ጋ አባ ይማም ከበሩ ሥር ድምፃቸውን አሰሙ።

"ልጄ፣ እናቱ የታለች?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"አላውቅም አባ" አልኩ። "ይህ ክፍል ሁለት ነው። እናቱ ክፍል አንድ ላይ ሳትሆን አትቀርም፤ እኔ አላየሁትም።"

"እንዴት ይሆናል! የእናቱን ሳታውቂ የልጁን ታወሪያለሽ?" አለ አንድ ወጣት።

"ሞታ ነው" አለ ሌላው።

"ለምን ትሞታለች? ሥራ ሄዳ ይሆናል።"

"ዳይኖሰር ደግሞ ምን ሥራ አለው?"

"ዓረብ አገር ሄዳ ነዋ!" አለ ከጥግ አንዱ፤ ቤቱም በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ግን አልዘለቀም። እያንዳንዱ ሳቁን ከመሃል አቋረጠው። እዚያ ከተቀመጠው ሰው ሚስቱ፣ እህቱ ወይም ልጁ ያልሄደችበት ጥቂት ነው። ዘሀራ መሬት መሬት አየች። ሰሚራ ብቻ እኔን ታያለች። አስተያየቷ የቁጣም የፍቅርም አልነበረም፤ አንድን ነገር ከሌላው ጋር አስተያይቶ የሚያመዛዝን ሰው አስተያየት ነው። እኔ ጅዳ የንጉሥ ልጅ የሚመስሉ እንግዶች ፊት ሻይ ያቀረብኩ ሴት፣ ያን ጊዜ እጄን የማደርግበት አጣሁ።

ደግነቱ ፊልሙ አይጠብቅም። ቡሬ ገደሉ አፋፍ ላይ ደረሰ፤ እግሩ ሥር ድንጋዩ ተናደ፤ ከሥር ወዳለው ጉድጓድ ሲወድቅ ትልቁ ዳይኖሰር ከሩቅ ሆኖ ከሁሉም የባሰውን ጩኸት ጮኸ። ውጭ ያለው በሬ ይህንን ሰማ። እስካሁን የታገሠውም ጨዋ ሆኖ ነው። ገመዱን አንዴ ሲመነጭቀው አባ ይማም ከተቀመጡበት ተነስተው በረሩ ብል ይቀለኛል፤ በመንገዳቸው ያለውን አግዳሚ ይዘው፣ አግዳሚው ጠረጴዛውን ይዞ፣ ጠረጴዛው ዴኩን አንገጫግጮ ሁሉም ተደበላለቀ። ዴኩ ግርርር አለና ካሴቱን በላው። ጥቁሩ ክር እንደ በግ አንጀት ከአፉ ተዘርግፎ ወጣ።

አባ ይማም ምንም አልሆኑም፤ ተነስተው አቧራቸውን አራገፉ። በሬውን ሰዎች ያዙት። ግን ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሞላ ክሩን በጣቱ እያነሳ፣ እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ፀጥታ መሃል ሰሚራ ተነስታ ቆመች።

"ቡሬ የት ሄደ?" አለች። "ጉድጓድ ውስጥ ነው። ማን ያውጣው?"

ሰው አንገቱን ደፋ። ይሄ ሁሉ ጎልማሳ፣ ከእነ ዱላው፣ አንድ የሥዕል እንሽላሊት ጉድጓድ ውስጥ ትቶ መውጣት አቃተው። አባ ይማም ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ፣ "ጥፋቱ የበሬዬ ነው" አሉ። ቀጥለውም፣ "ልጄ፣ አንቺ መጨረሻውን ታውቂው የለም? በአላህ፣ አውጪው።"

እንዴት አላውቀውም! የስንቱን ሰው ሸሚዝ እየተኮስኩ ነው የሸመደድኩት። መጀመሪያ ቆሜ ጀመርኩ። ከዚያ ቡሬን ለማሳየት መሬት ላይ ተንበረከክሁ። ዳልቻ ሐረግ በጥርሱ ይዞ ሲጎትት እኔም የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ያዝኩ። ቀይት ስታለቅስ አለቀስኩ፤ አሮጊቷ አክስት ያን ሁሉ መንገድ ዱካቸውን እየተከተለች ስትደርስ እግሬን እየጎተትኩ ቤቱን ዞርኩ። እናንተ ብታዩኝ ምን ትሉ ነበር? አንዲት ከጅዳ የመጣች ሴት፣ እጇ ላይ ሂና አድርጋ፣ በገበያ ቀን በአራት እግሯ ስትሄድ! ዘሀራ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሰሚራ ግን ወደ ፊት፣ ወደ ፊት እየተጠጋች መጥታ፣ ቡሬ ከጉድጓዱ ሲወጣ ከእኔ እኩል ጮኸች።

"መጨረሻው ላይ ውሃውን ያገኙና ይዘፍናሉ" አልኩ ቁና ቁና እየተነፈስኩ። "በቃ፣ ይኸው ነው።"

"ምን ብለው ነው የሚዘፍኑት?" አሉ አባ ይማም።

"አባ፣ ዘፈን እኮ ነው።"

"ተርጓሚ የሚያስቀረው ነገር የለም" አለ ጋሽ ሞላ በቁጣ።

ዓይኔን ጨፍኜ ዘፈንኩት። በዚያ በመጽሐፍ ዓረብኛ ነው፤ "ሰማይ ሆይ፣ ውሃሽን ላኪልን፤ ምድር ሆይ፣ አፍሽን ክፈቺ፤ ትንንሾቹ ጠምቷቸዋል" ዓይነት ነገር ነው። ድምፄ ሲያልቅ ዓይኔን ገለጥሁ። አባ ይማም ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል። አጠገባቸው ያሉትም ዘርግተዋል። ዘፈኑን ዱዓ መስሏቸው ነው። የዳይኖሰር ዘፈን ነው ልል አፌን ከፍቼ፣ ፊታቸውን ሳይ መልሼ ዘጋሁት። "አሚን!" አሉ። "አሚን!" አለ ቤቱ ሁሉ። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረው ጋሽ ሞላ ሳይቀር፣ "አሜን፣ ያድርግልን" ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። እኔም ምን ላድርግ፣ አሚን አልኩ። ዝናቡ መጣ ወይ ብትሉኝ፣ አልመጣም። የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ ሰው ተስፋ ቆርጦ ማሽላውን ለከብት ካጨደ በኋላ ነው።

ስንወጣ አባ ይማም በሬያቸውን እየሳቡ ተከተሉን።

"ልጄ፣ ጅዳ ነሽ አሉኝ። ሪያድ ለጅዳ ጎረቤት ነው?"

"ሩቅ ነው አባ።"

"ከዚህ ወልድያ ያህላል?"

"ከዚያም በጣም ይርቃል።"

የበሬያቸውን ግንባር አሻሹ። "የኔዋ እዚያ ናት። ድምጿ ከጠፋ ቆየ። ስትመለሺ ድንገት ካየሻት፣ ፋጡማ ትባላለች፣ አባትሽ ደህና ነው በያት። በሬውም አልተሸጠም፣ አለ በያት፤ እሷ ናት ከጥጃነቱ ያሳደገችው።"

"እሺ አባ፣ ካየኋት እነግራታለሁ" አልኳቸው። ሪያድ ስንት ሺ ፋጡማ እንዳለች ለእሳቸው ምን ብዬ ልንገር? መርቀውኝ በሬያቸውን ይዘው ወደ ጎብዬ መንገድ ታጠፉ።

ሰሚራ የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ትሄድ ነበር። መቼ እንደያዘችው አላየሁም። "ስትመለሺ አሉሽ" አለችኝ። "ልትመለሺ ነው እንዴ?"

"አዎ" አልኩ።

የነጠላዬን ጫፍ ግን አልለቀቀችም።

ካሴቱ አልዳነም፤ ስለዚህ ካሴቱ እኔ ሆንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሚራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታስቀምጠኝና አፍንጫዬን ትጫናለች፤ ያ ማስጀመሪያው ነው። ቀኝ ጆሮዬን ስትጎትት ወደ ኋላ ይመለሳል። ግራውን ስትጎትት የማትወደውን ቦታ ይዘላል። እኔ እደክማለሁ፣ እሷ አትደክምም። አንድ ቀን ከሰዓት ሁለቱንም ጆሮዬን ይዛ ቆየችና፣

"ስትሄጂ ተኝቼ እንዳትሄጂ" አለችኝ።

"ለምን እንዲህ ትያለሽ?"

"የጓደኛዬ የሐሊማ እናት ሐሊማ ተኝታ እያለ ነው የሄደችው። ሐሊማ አሁን መተኛት እምቢ አለች።"

ቃል ገባሁላት። የመሄጃዬ ጠዋት ሲደርስ ዘሀራ፣ "ተያት፣ ትተኛ፤ ለአንቺም ለእሷም ይቀላል" አለችኝ። ክፋት አልነበረውም፤ ለቅሶውን የምትችለው እሷ ናት። "እታለም፣ ቃል ገብቻለሁ" ብዬ የሰሚራን ትከሻ ነቀነቅሁ። ሰሚራ ዓይኗን ገለጠች፣ ሻንጣዬን አየች፣ ተነስታ ልብሷን ለበሰች። አስፋልቱ ድረስ እንደ ትልቅ ሰው ከፊታችን እየቀደመች ሄደች። ሚኒባሱ ቆሞ ነበር። ረዳቱ ሻንጣዬን ጣሪያው ላይ ሰቀለ፣ "ወልድያ፣ ደሴ!" እያለ ይጣራል።

ልስማት ጎንበስ ስል አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ነገር ነውና ዓይኔን ጨፈንሁ። ያኔ ትከሻዬ ላይ ባለ በሌለ ኃይሏ ነከሰችኝ። መንከስ እንዳይመስላችሁ፤ ጥርሷን ተከለችብኝ። እኔ ጮህኩ፣ ዘሀራ ጮኸች፣ ረዳቱ ሮጦ መጣ፣ አላህን የሚጠራ ጠራ። ዘሀራ አፏን በጣቷ ከፍታ ነው ያላቀቀቻት። ከተላቀቀች በኋላ ሰሚራ እየጮኸች ማልቀስ ጀመረች፤ እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያች ልጅ ሰምቼ አላውቅም። በመስኮት እያየኋት፣ ዘሀራ ደረት ላይ ሆና እየተንፈራገጠች፣ ሮቢት እስክንደርስ ድረስ የምሰማት ይመስለኝ ነበር።

አጠገቤ እንደ እኔው ሻንጣ የጫነች፣ ከዋጃ የተሳፈረች ሴት ተቀምጣለች። ወልድያ ልንደርስ ስንል፣ ትከሻዬን ሳሻሽ አየችና፣ "ምን ነካሽ?" አለችኝ። ልብሴን ትንሽ ገለጥ አድርጌ አሳየኋት። የጥርሱ ረድፍ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፤ ሰሚራ በዚያው ሰሞን የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበርና መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ አለው።

"ውሻ ነው?" አለች በድንጋጤ።

"ልጄ ናት" አልኳት።

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ከቆየች በኋላ፣ "የኔዋ እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ" አለች። "እንደ እንግዳ። በሰላም ግቢ አለችኝ።"

ሚኒባሱ ዳገቱ ላይ ማቃሰት ጀምሮ ነበር። ትንሽ ሄደን፣ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

"እስቲ አሁንም አሳይኝ" አለችኝ።

አንገቴን ሰብሬ ልብሴን ገለጥሁላት።